ዳራሮው ያንቺ ይሁን

የሱፍያን ሞተር ሳይክል የኢዲዶን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ጥሩብርሃን ከኋላው ተፈናጥጣ አንድ እጇን ትከሻው ላይ፣ ሌላውን ጭኗ ላይ በተቆለለው የታጠፈ አንሶላ ላይ አሳርፋ ነበር። ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ማንም ያልጠበቀው የጥር ዝናብ ጥሎ ቡናውን ቀስቅሶታልና ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከእንሰቱ መሀል፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር አገሩ ነጭ ለብሷል። ሽታው አፍንጫ ይዞ የሚጎትት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኗን ጨፍና ትስበው ነበር። ዛሬ ግን ጥርሷን ነክሳለች።

«እትዬ ጥሩ፣ ይሄ ሁሉ አንሶላ ለምንድነው? ሰርግ አለ እንዴ?» አለ ሱፍያን ነፋሱን ለማሸነፍ እየጮኸ።

«ለቀብር ነው።»

«ኧረ! ማን ሞቶ?»

«ገና አልሞተም።»

ሱፍያን ሳቀ። የይርጋጨፌ ሞተረኛ ሁሉ የጥሩብርሃንን ምላስ ያውቀዋልና ቀልድ መሰለው። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ዘመኑ ጌዴኦ ከነቡናው፣ ከነእንሰቱ፣ ከነትክል ድንጋዩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ነው፤ 2016 ዓመተ ምሕረት። መስከረም ላይ ወሬው ከተሰማ ጀምሮ ሰው ሁሉ አያቱ የተከሉትን ዛፍ ትናንት እንደበቀለ ቀና እያለ ያየው ጀመር። በየሻይ ቤቱ «መልክዓ ምድር» የሚለው ቃል ከሳምቡሳው ጋር ይታኘካል። ባነር ያልተሰቀለበት ምሰሶ፣ ቲሸርት ያላሳተመ ማኅበር አልነበረም። ለጥሩብርሃን ግን ከዚያ ሁሉ የዓለም ቅርስ ውስጥ አንዲት ማሳ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ተነጥቃለች።

ጥሩብርሃን የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷ የስፌት መኪናውን ይዞ ከመንዝ ይርጋጨፌ ገብቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ የኢዲዶውን ልጅ መምህር ደግነትን አግብታ፣ አማቷን በአገሩ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ እስከ ማሳቅ ደርሳለች። ደግነት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል ታናሽ ወንድሙ ፈለቀ የቡናውን ማሳ አጥሮ ቆለፈው። «የአባቴ መሬት ነው» አለ። «አባቴ ለደግነት ቡናውን ልቀምበት አለው እንጂ መሬቱን አልሰጠውም።» አባትየው ሊሞቱ ሲሉ ማሳውን ለደግነት በቃላቸው ሲያወርሱ አልጋው አጠገብ የነበሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። አንዱ አፈር ገባ፤ ሌላው ቃሉን ዋጠ። «ደግሞስ» ይል ነበር ፈለቀ በየደረሰበት፣ «እሷ የሰው አገር ሰው ናት፤ ነገ ሸጣ ወደ መንዟ ትሄዳለች።» መንዝን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ሶንጎ ድረስ፣ የአገር ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ለዳኝነት እስከሚቀመጡበት ድረስ ሄዳ አቤት ብላ ነበር። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሀይቻ ጅግሶ ቡልኳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው «ልጄ፣ እናምንሻለን» አሏት። «ማመን ግን መፍረድ አይደለም። ይህ ነገር ከፈለቀ አፍ ካልወጣ እኛ ሆዱን ቀደን አናወጣውም።» ከፈለቀ አፍ! ከዚያ አፍ ስንት ነገር ሲወጣ ኖሯል፤ እውነት ግን መንገድ ስታ እንኳ ወጥታ አታውቅም።

ስለዚህ ጥሩብርሃን ሽምግልናውን ትታ በቀሏን በገዛ እጇ ልትወጣ ተነሳች። የቡና አበባ ንብ ሳይጠግበው፣ ሳይጠወልግ ከቅርንጫፉ ከተነጨ በዚያ ቅርንጫፍ ፍሬ የለም። አንድ ጠዋት በሁለት እጇ ብትነጭ የፈለቀን ዓመት ባዶ ታስቀረዋለች። አበባውንም አትጥለውም። ደግነት በሕይወት ሳለ «ይሄን ሽታ ጠርሙስ ውስጥ ባስቀረሽልኝ» እያለ ይጨቀጭቃት ስለነበር ስታመርረው፣ ስታሳርረው ቆይታ በመጨረሻ የቡና አበባ ማርማላታ መሥራት ለምዳለች። ያኔ የምትለቅመው ጊዜውን ጨርሶ በራሱ የረገፈውን ነበር። ዛሬ ግን ከነሕይወቱ ነጭታ፣ በስኳር አፍልታ፣ የጠላቷን ምርት ዳቦ ላይ ቀብታ ልትበላው ነው። ስታስበው ምራቋን ዋጠች።

ሱፍያንን ታች መንገዱ ላይ እንዲጠብቃት ነግራ በጓሮ በኩል፣ አጥሩ ከደግነት መቃብር ጋር በሚገናኝበት ሽንቁር ሾልካ ገባች። መቃብሩ ላይ የቡና አበባ ረግፎበታል። «ቆይ ብቻ» አለችው ባሏን፤ «ዛሬ ወንድምህን አሳየዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ጎትታ ያዘች። አበባው ከጫፍ እስከ ሥር ተጨናንቆ ቅርንጫፉን ሸፍኖታል። ጣቶቿን ከሥር አስገብታ ልትገፍፈው ስትል ከኋላዋ «ነፍሰ ጡር ናት» የሚል ድምፅ ሰማች።

አማቷ እማማ ሎኮ ናቸው። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። የሚኖሩት ፈለቀ ቤት ነው፤ የሚጎርሱትም የፈለቀን ነው። ስለ ማሳው በተጠየቁ ቁጥር «እኔ ያን ቀን ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር» ከማለት ሌላ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። እውነት ነው፣ ወርደው ነበር። ጥሩብርሃን ግን ለዚያች ውሃ ይቅርታ አላደረገችም።

«አበባ የያዘ ቡና ነፍሰ ጡር ነው» አሉ በጌዴኡፋ። «አይመታም፣ አይነጭም። የጠላትሽን ላም እንኳ ጽንስ አታስወርጃትም።»

«የምትወልደው ለፈለቀ ነዋ፣ እማማ!» አለች ጥሩብርሃን። «ለእኔ የምትወልድ ብትሆን ምን ቆርጦኝ እነካታለሁ?»

እማማ ሎኮ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ደግነት ያይሻል» ብቻ አሉ በአገጫቸው ወደ መቃብሩ እያመለከቱ።

ጥሩብርሃን ቅርንጫፉን አልነጨችውም፤ አልለቀቀችውምም። እንዲሁ እንደጨበጠች የቆርቆሮው በር ተንጓጓና ፈለቀ መጣ።

ፈለቀ ድምፁ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። «እንኳን ለዳራሮ በዓል አደረሳችሁ» የሚል አዲስ ቲሸርት ቦርጩ ላይ ተወጥሯል። አንገቱ ላይ የኮሚቴ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ ሲተኛም አያወልቀውም እየተባለ ይታማ ነበር።

«እኔ ዝንጀሮ ገባ ብዬ ድንጋይ ይዤ መጣሁ» አለ፤ «ለካ እትዬ ጥሩብርሃን ናቸው!»

በአማርኛ ነው ያለው። ፈለቀ ከእናቱ ጋርም፣ ከሚስቱ ጋርም፣ ከከብቶቹ ጋርም የሚነጋገረው በጌዴኡፋ ነው። ጥሩብርሃንን ግን ወንድሙ ከሞተ ወዲህ በአማርኛ እንጂ በሌላ አናግሯት አያውቅም። ቋንቋው ጥርሷን የነቀለችበት መሆኑን አጥቶት አይደለም። እንግዳ መሆኗን እንዳትረሳ ነው።

«የወደቀ አበባ ልለቅም ነው የመጣሁት» አለችው። እጇ ግን አሁንም ቅርንጫፉ ላይ ነበር።

«ለዚያ ለማርማላታሽ?» ከት ብሎ ሳቀ። «ሰው ነገ ዲላ ላይ ታሪክ ይሠራል፣ አንቺ አበባ ትቀቅያለሽ! ሰምተሻል መቼም። ሀይቻ ጅግሶ መድረክ ላይ ሲመርቁ ለአዲስ አበባ እንግዶች በአማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። በማይክ! ቴሌቪዥን አለ። ኮሚቴው ሰው ቢፈልግ ቢፈልግ ከፈለቀ ሌላ ማን አለ?»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«አሜን!» ደረቱ ተነፋ። ደስታው ለጋስ አደረገው፤ የባለጌ ለጋስነት ደግሞ ከንፍገቱ ይብሳል። እጁን በማሳው ላይ ዙሪያውን እየነዳ «ውሰጂ እንጂ፣ ምን ገዶኝ!» አላት። «ዳራሮው ያንቺ ይሁን፤ እኔን ፍሬው ይበቃኛል።»

የእማማ ሎኮ መጥረጊያ መሬት ላይ እንዳለ ቀረ።

በጌዴኡፋ አበባ ዳራሮ ይባላል። አማርኛ የሚናገረውም የቡና ገበሬ ማሳው ሲያብብ «ዳራሮ ያዘ» ይላል። ግን ዳራሮ በየዓመቱ በጥር የሚከበረው የምስጋና በዓልም ስም ነው፤ በዚያ በዓል ባለ መሬቱ ከማሳው ካገኘው ቆንጥሮ ለሽማግሌዎቹ የሚያቀርበው ስጦታም ዳራሮ ነው። ማሩን፣ ቡናውን፣ ቆጮውን ይዞ የሚቀርበው ባለቤቱ ነው። በሰው መሬት ዳራሮ ማቅረብ በሰው ሚስት ሰርግ መደገስ ነው፤ የሚሞክረው የለም። ጥሩብርሃን ይህን ታውቃለች። ደግነት በሕይወት ሳለ በየዓመቱ አብራው ሄዳለች፤ ሀይቻ ጅግሶ በእያንዳንዱ ስጦታ ላይ የሚመርቁትን ምርቃት በቃሏ ትወጣዋለች። ያም ምርቃት ነገ በማን አፍ እንደሚተረጎም አሁን ሰማች።

«ምን አልከኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«ደነቆርሽ እንዴ? ዳራሮው ያንቺ ይሁን አልኩሽ!»

«እግዜር ያክብርልኝ።» ቅርንጫፉን አንዲት አበባ ሳታረግፍ፣ እንደ ሕፃን እጅ አለስልሳ ለቀቀችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የራሷን ቡና ለምን ትጎዳለች?

የማሳው የታችኛው ወገን ከላይኛው ቀድሞ ፈንድቶ ስለነበር ንቦቹ ጨርሰውታል። ፈለቀ እያፏጨ ሲሄድ አንሶላዎቹን ከቡናዎቹ ሥር ዘርግታ ግንዶቹን በመዳፏ ነካ ነካ ስታደርጋቸው አበባው ያለ ድምፅ ወረደ። ከጀርባው የቀረችው ትንሿ አረንጓዴ ፍሬ ግን ቅርንጫፉ ላይ ነበረች። እማማ ሎኮ ጥቂት ካመነቱ በኋላ መጥረጊያቸውን ጥለው መጥተው የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዙላት። ሲጨርሱ አሮጊቷ አንድ ጭብጥ አበባ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ደግነት ደግነት ይላል» አሉ።

«እማማ፣ ያለውን ሰምተዋል?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ፈለቀ ቤት ጣሉት። ከዚያ መጥረጊያቸውን አንስተው ሄዱ።

«ቀብሩስ?» አላት ሱፍያን ታች ስትደርስ።

«ለነገ ተላለፈ። ወደ ቤት ንዳኝ።»

ይርጋጨፌ ቤቷ እንደገባች አበባውን ሰፌድ ላይ አድርጋ የጠቆረውን፣ ቅጠሉን፣ ተደብቃ የመጣችውን ጉንዳን ሁሉ ለቀመች። የቡና አበባ ብዙ ውሃ አይወድም፤ አንዴ ለቅለቅ አድርጋ ነጠላ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ከስኳሩ ቆንጥራ፣ ሎሚ ጨምቃበት በእጇ ታሸው ጀመር። አበባ ሲታሽ የሚጠሉትን ሰው ማሰብ ጥሩ ነው፤ በደንብ ይታሻል። ፈለቀን፣ ቲሸርቱን፣ መታወቂያውን እያሰበች አሸችው። የቀረውን ስኳር በብረት ድስት ከውሃ ጋር ጣደች፤ የሎሚውን ፍሬና ነጩን ልጣጭ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ውስጡ ከተተች። ማርማላታውን አርግቶ የሚይዘው እሱ ነው።

በከሰሉ ላይ አመድ ጣል አድርጋ እሳቱን አበረደች። ቂም የያዘ ሰው ይቸኩላል የሚል ቂም ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። የተቸኮለበት ማርማላታ ያርራል፤ የተቸኮለበት በቀልም እንደዚያው። ዛሬ ጠዋት ያንን ቅርንጫፍ ነጭታው ቢሆን ኖሮ ፈለቀ ለአንድ ዓመት ያዝን ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደገና ይለቅም ነበር። የአንድ ዓመት በቀል ለማን ይበቃል?

አበባውን መጨረሻ ላይ ጨመረችው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎቱ ይሄዳል። ቤቱ ሲታወድ ግን ያላሰበችው ነገር መጣባት። ደግነት በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ፣ «ደረሰ እንዴ?» ሲል ሰማችው። ናፈቃት። እንባዋ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን አዞረች። ለፈለቀ የእንባዋን ጨው እንኳ አላሰበችለትም።

ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ በጣቷ ገፋ አደረገችው። ላዩ ተጨማደደ፤ ደርሷል። በፈላ ውሃ ባጠበችው የማር ጠርሙስ ሞልታ ክዳኑን አጠበቀችው። ነጫጮቹ አበቦች በወርቃማው ፈሳሽ ውስጥ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

በማግስቱ የዲላው ሚኒባስ ውስጥ ጠርሙሱን በኮባ ጠቅልላ ታቅፋው ተቀመጠች። ረዳቱ «እናቴ፣ እሱን ከወንበር ሥር አድርጊው» ቢላት በዓይኗ ብቻ መለሰችው። ወናጎ ላይ ሰው ሲወርድ ሰው ሲወጣ፣ ባጃጆቹ ሲጯጯሁ፣ እሷ ምርቃቱን በልቧ ታነበንብ ነበር። ፍርሃትም ነበረባት። ፈለቀ ካደ እንበል፤ አላልኩም ሊል ነው። የሰማው ሰው አንድ ነው፤ እሱም እንጀራውን ከፈለቀ እጅ የሚበላ። ዛሬ ካልተሳካ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ በሰው መሬት ዳራሮ ያቀረበች አታላይ ተብላ ትመለሳለች፤ ማሳው የደግነት መቃብር ያለበት ነውና መቃብሩንም ከዚያ በኋላ በሽንቁር እንኳ አታየውም።

ዲላ ሜዳው ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቹ ቡልኮ ደርበው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በረድፍ ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች በጥቁር መነጽር ጎን ለጎን ናቸው። ፈለቀ ሙሉ ልብስ ለብሶ ማይኩን ጨብጦ ከሀይቻ ጅግሶ ጎን ቆሟል። እናቱንም ለቴሌቪዥኑ አልብሷቸው ከፊት ረድፍ አስቀምጧቸዋል። እያንዳንዱ ባለ መሬት የያዘውን ያቀርባል፤ ሀይቻ ጅግሶ ይቀምሳሉ፣ በጌዴኡፋ ይመርቃሉ፣ ፈለቀ በአማርኛ ያደምቀዋል። «ይህ ዳራሮ የበቀለበት መሬት ባመጣው እጅ ይጽና! ሌላ እጅ አይግባበት!» ሜዳው «አሜን!» ይላል። ድምፅ ማጉያው የፈለቀን ድምፅ እስከ መናኸሪያው ይወስደዋል።

የጥሩብርሃን ተራ ደረሰ።

ፈለቀ ሲያያት ፈገግ አለ። ማርማላታ ልትሸጥ የመጣች መሰለው። ሀይቻ ጅግሶ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ አነሱት፤ በማንኪያ ጨልፈው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይህ ምንድነው?»

«ዳራሮ ነው፣ አባቴ» አለች በጌዴኡፋ። «ራሱ ዳራሮው።»

«ስሙን ስንጠራ አርጅተናል፤ ቀምሰነው ግን አናውቅም» አሉ ሽማግሌው። ጠርሙሱ ለእንግዶቹ ዞረ። እንግዶቹ እየላሱ አጨበጨቡ። አንዷ እንግዳ ለፈለቀም በማንኪያ አቀበለችው፤ ካሜራው እያየው ነበርና ከእነ ፈገግታው ጎረሰ።

«ከየት መሬት ነው?»

«ከኢዲዶ፣ የደግነት መቃብር ካለበት ማሳ።»

ማንኪያው የፈለቀ አፍ ውስጥ ቆመ። ሀይቻ ጅግሶ ጥሩብርሃንን ትክ ብለው አይዋት፤ ክርክሩን አልረሱትም። «በሰው መሬት ዳራሮ አይቀርብም፣ ልጄ» አሉ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ከአፉ ይውጣ አላሉኝም ነበር? ወጣ። ትናንት ጠዋት ማሳው መሀል ቆሞ 'ዳራሮው ያንቺ ይሁን' አለኝ። ምን አልከኝ ስለው ደገመው።»

ፈለቀ ማይኩን ደረቱ ላይ ደብቆ ተንደረደረ። «አበባውን ነው ያልኳት! የረገፈውን አበባ!»

«በምን ቋንቋ አልካት?»

«በአማርኛ።»

«በአማርኛ አበባ የሚባል ቃል የለም?» አሉ ሀይቻ ጅግሶ። «ስንት ጊዜ ስትናገረው ሰምተንህ የለ!»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ጌዴኡፋ የማያውቁት እንግዶች የሥርዓቱ አካል መስሏቸው በስልካቸው ይቀርጹ ነበር። ፈለቀ ላብ አጠመቀው፤ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ሲል እናቱ ላይ አረፈ። «ለእሷ አላልኩም!» አለ። «ያንቺ ይሁን ያልኩት ለእናቴ ነው። እናቴ እዚያው ነበረች!»

የሁሉም ዓይን ወደ እማማ ሎኮ ዞረ። አሮጊቷ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ይህ ልጄ ከተወለደ ጀምሮ እኔን በአማርኛ አናግሮኝ አያውቅም» አሉ። «በአማርኛ የሚያናግራት እሷን ነው። ዳራሮው ያንቺ ይሁን ያለው ለጥሩ ነው፤ ሁለቴ። ትናንት ደግሞ ውሃ ልቀዳ አልወረድኩም።»

«ፍሬው የእኔ ነው ብያለሁ!» ብሎ ጮኸ ፈለቀ። «ፍሬውን አልሰጠሁም!»

«ነፍሰ ጡር ላም ሰጥቶ ጥጃውን መልሱልኝ የሚል ሰው አላየሁም» አሉ ሀይቻ ጅግሶ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ፤ በትሮቹ ለይሁንታ አንድ በአንድ መሬቱን መቱ። ከዚያ እጃቸውን በጥሩብርሃን ራስ ላይ ዘርግተው በጌዴኡፋ መረቁ። ሲጨርሱ «በል ፈለቀ» አሉት፤ «እንግዶቹ ይጠብቃሉ። ምርቃቴን መልስ።»

ፈለቀ ማይኩን አነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሀይቻ የሚሉት…» አለ፤ «ለአገራችን ሰላም፣ ለሁላችንም ጤና ይስጠን ነው።»

«ኧረ አላሉም!» አለ ሜዳው በአንድ አፍ። የዲላ ሰው በሁለቱም ቋንቋ መሳቅ ይችላል። ሀይቻ ጅግሶም ወደ ማይኩ ጎንበስ ብለው በራሳቸው አማርኛ «ተርጓሚዋ ዋሸች» አሉ። አባታችን በአማርኛ ወንድና ሴት ለይተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ማንም ሊያርማቸው አልወደደም።

ሳቁ እስኪበርድ ፈለቀ ቆሞ ጠበቀ። መሸሻ አልነበረውም። ካሜራው ፊቱ ላይ ነው።

«ይህ ዳራሮ የበቀለበት መሬት» አለ። ድምፅ ማጉያው ተቀበለው። «ባመጣችው እጅ… ይጽና።»

«ጨርሰው» አሉ ሀይቻ ጅግሶ።

«ሌላ እጅ አይግባበት።»

«አሜን!» አለች ጥሩብርሃን። ከሜዳው ሁሉ ቀድማ ነው ያለችው፤ ደስታዋ ጥፍሯ ድረስ ተሰማት። ሦስት ዓመት የዋጠውን ቃል በማይክ አስተፋችው።

በዓሉ ሲበተን እማማ ሎኮን ባጃጅ ውስጥ አስቀምጣ «ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎ የእኔ ቤት ነው» አለቻቸውና ጠርሙሷን ልትወስድ ተመለሰች። ፈለቀ ከድንኳኑ ጀርባ ብቻውን ቆሞ አገኘችው። መታወቂያውን አውልቆታል።

«የወንድሜ ሚስት» አላት። በጌዴኡፋ ነው ያለው፤ ደግነት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቡናውን ያረምኩት፣ የጎነደልኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ይሁን። የዘንድሮውን ፍሬ ግን ተይልኝ፤ ለልጆቼ።»

ቋንቋው ከአፉ ሲወጣ ጣፈጣት። በለቅሶው ሰሞን እንዲህ ብሎ ጠርቷት ቢሆን ኖሮ ግማሹን ማሳ ራሷ ትሰጠው ነበር። አሁን ግን ጊዜው አልፏል። ጠርሙሱን አየችው፤ እንግዶቹ ጠርገው ልሰውታል፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ቅሪትና አንዲት የተጣበቀች አበባ ብቻ ቀርታለች። እጁን ይዛ ጠርሙሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«ውሰድ እንጂ፣ ምን ገዶኝ» አለችው በአማርኛ። «ሽታው ያንተ ይሁን፤ እኔን ፍሬው ይበቃኛል።»